የባቡር ክሮስ ሴክሽኔ ሙሌት እየሰረቀብኝ ነው (ሲቪል ስሪዲ፣ የዲዛይን ሶፍትዌር)

ጀማሪ_ዘአዳማ | ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። አዳማ ውስጥ አንድ ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። እስከ ዛሬ የሠራሁት መንገድ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ የባቡር መስመር ፒዲኤፍ ወረወረልኝና «በቻይና ስታንዳርድ የተሠራ የልምምድ ዶሴ ነው። 4 ኪሎ ሜትሩን ሲቪል ስሪዲ ላይ መልሰሽ ሥሪው፣ የአፈር ሥራውን አውጪና ከሰንጠረዡ ጋር አስተያዪው» አለኝ። ነጠላ መስመር ነው፣ ባለ 1435 ሚሊ ሜትር።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። አላይመንቱን (ከላይ ሲታይ የመስመሩን አካሄድ) በሬል ዓይነት ከፈትኩት። ፕሮፋይሉን (የመስመሩን ከፍታ) ከሰንጠረዡ ላይ ነጥብ በነጥብ አስገባሁ። ለአሴምብሊው (ለክሮስ ሴክሽኑ ቅርጽ) «ሬል ሲንግል» የምትባለዋን ሰብአሴምብሊ፣ ማለትም ዝግጁ ቁራጭ፣ ከቱል ፓሌት ጎትቼ አመጣሁ። ሐዲዱን፣ ስሊፐሩን (ሐዲዱ የሚያርፍበትን አግዳሚ) እና ባላስቱን (ከሥሩ ያለውን ጠጠር) በዶሴው ልክ ሞላሁ። ከሥሩ ፎርሜሽኑን (ባላስቱ የሚያርፍበትን አፈር) ከመሃል ወደ ግራና ቀኝ 3.5 ሜትር፣ በ4 ከመቶ ተዳፋት አወጣሁት። ከዚያ 1 ለ 1.5 እያለ መሬት እስኪነካ ወረደ። ክሮስ ሴክሽኑ ሲታይ ሥዕል ነው። ስክሪንሾት አንስቼ ለእናቴ ሁሉ ልኬያለሁ።

ጉዱ የመጣው ሲሰላ ነው። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው፣ ሙሌቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 3 ሜትር ነው። ኩርባ የለውም። ሰንጠረዡ 35,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይላል። የኔ ኮሪደር (ከእነዚህ ሁሉ የተገነባው ሞዴል) 23,100 አለ። ሲሶው የት ገባ? ሦስት ቀን ሆነኝ። እባካችሁ።

ኮሪደር_ሰባሪ | ሰኞ፣ ማታ 2:58

ፍሪኩዌንሲውን አይተሽዋል? ሲከፈት በየ25 ሜትሩ ነው ሴክሽን የሚያስቀምጠው። ወደ 5 አውርጂውና ሪቢልድ አድርጊ።

ጀማሪ_ዘአዳማ | ሰኞ፣ ማታ 3:10

አድርጌዋለሁ። በኪሎ ሜትሩ 60 ሜትር ኩብ ብቻ ነው የተለወጠው። ላፕቶፔ ግን ሊነድ ነበር።

ቡና_በሰርፌስ | ሰኞ፣ ማታ 3:14

የኔማ ሪቢልድ ስለው ዳገት እንደያዘ ሲኖትራክ ነው የሚጮኸው። ጎረቤት መጥቶ «ምን እየፈጨህ ነው?» ብሎኛል።

ኮሪደር_ሰባሪ | ሰኞ፣ ማታ 3:31

እሺ ሁለት ነገር እዪልኝ። አንደኛ፣ ታርጌት ማፒንግ (ተዳፋቱ የትኛውን መሬት እንደሚነካ የሚነገርበት) ውስጥ ሰርፌሱ በትክክል የተፈጥሮ መሬቱ መሆኑን። አንዳንዴ አሮጌ ሰርፌስ ተመርጦ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የኮሪደሩን ሰርፌስ በየትኛው ኮድ ነው የሠራሽው? ቶፕ (የላይኛው ገጽ) ወይስ ዴተም (የአፈሩ ገጽ)? ዴተም ከሆነ ኦቨርሃንግ ኮሬክሽኑን ቦተም ሊንክስ ላይ አድርጊው። ካልሆነ ከባላስቱ ዳር ያሉት መስመሮች እየተቆላለፉ ሰርፌሱን ያበላሹታል።

ጀማሪ_ዘአዳማ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:20

ታርጌቱ ትክክል ነው። ሰርፌሱ በዴተም ነው። ኦቨርሃንጉን አስተካከልኩት፤ የመስመሮቹ ጥልፍልፍ ጠፋ፣ አመሰግናለሁ። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሬል_ሰው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:05

የኮዱ ጉዳይ እንዳልሆነ ከቁጥሩም ያስታውቃል። በቶፕ ብታሰዪው ኖሮ ባላስቱንም እንደ አፈር ይቆጥርልሽና ይበዛ ነበር። ያንቺ አንሷል። አንድ ነገር ወደ ታች ተንሸራቷል ማለት ነው።

የመንገድ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:40

እኔ ከካንቱ (ኩርባ ላይ ሐዲዱ ከሚያዘነብልበት ልክ) ይመስለኛል። እኔ መንገድ ላይ እንደማደርገው ሱፐርኤሌቬሽን ዊዛርዱን አስጀምሪውና ከመቶ ስንት እንደሆነ ስጪው። ያው መንገድ ነው፣ ጎማው ብረት ሆነ እንጂ።

ሬል_ሰው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:12

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንጣላ። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ኩርባ የለውም ብላለች፤ ስለዚህ ካንት የዚህ ችግር መነሻ ሊሆን አይችልም። ግን ነገሩ ከተነሳ አይቀር ልበል። ከመንገድ ወደ ባቡር የሚመጣ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው።

መንገድ ላይ ስታዘነብል አስፋልቱም፣ ከሥሩ ያለው ቤዝም፣ ሁሉም አብሮ ያዘነብላል። ባቡር ላይ እንደዚያ አይደለም። ፎርሜሽኑ የራሱን የውኃ መውረጃ ተዳፋት ይዞ ባለበት ይቆያል። የሚያዘነብለው ሐዲዱና ስሊፐሩ ነው። ከሥራቸው የሚፈጠረውን ሽብልቅ ባላስቱ ይሞላዋል። የባላስት ውፍረት የሚለካውም ዝቅ ባለው ሐዲድ ሥር ነው፣ የሚሳሳው እዚያ ስለሆነ።

መለኪያውም ከመቶ አይደለም፣ ሚሊ ሜትር ነው። ለ1435 መስመር ሚዛናዊው ካንት 11.8 ሲባዛ የፍጥነት ስኩዌር ሲካፈል ለራዲየስ ነው። ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ራዲየሱ በሜትር። 11.8ን ሸምድዶ የሚያልፈው ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣች ግን ቀላል ነው፦ 1500 ሲካፈል ለ127። 1500 ከአንዱ ሐዲድ ራስ መሃል እስከ ሌላው ራስ መሃል ያለው ርቀት ነው። 1435 ደግሞ በውስጥ ጎን ያለው ክፍተት ነው። ስለዚህ አላይመንቱ ላይ የትራክ ስፋት ሲጠይቅሽ 1.435 አትጻፊ፣ 1.5 ጻፊ።

ምሳሌ ልስጥ። ራዲየስ 1200፣ መንገደኛ ባቡር በ120፣ ጭነት በ80። ለመንገደኛው ሚዛኑ 142 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ለጭነቱ 63። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለቱንም ማስደሰት አይቻልም። 75 ብንሰጠው መንገደኛው 67 ይጎድለዋል፣ ጭነቱ 12 ይተርፈዋል። ሁለቱም ይችሉታል። 142 ብትሰጪው ግን ጭነት ባቡሩ ቀስ እያለ ከክብደቱ የሚበዛውን በውስጠኛው ሐዲድ ላይ ይጥላል፤ ሐዲዱ ቶሎ ያልቃል።

ሲቪል ስሪዲ ላይ ለዚህ የተሠራችው ሌላዋ ሰብአሴምብሊ ናት፣ «ሬል ሲንግል ዩዚንግ ካንት» የምትባለው። ካንቱን ከአላይመንቱ ታነባለች። መዞሪያውን ዝቅተኛው ሐዲድ ላይ አድርጊው። ያኔ የውስጡ ሐዲድ በፕሮፋይሉ ልክ ይቀመጣል፣ የውጪው ብቻ ይነሳል። ፎርሜሽኑን ደግሞ በኩርባው የውጪ ጎን ማስፋት እንዳትረሺ።

የመንገድ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:30

እሺ ተሸነፍኩ። ፎርሜሽኑ አያዘነብልም የሚለውን ዛሬ ነው የሰማሁት።

ባለሌቭሉ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:15

ልጄ፣ እኔ ሶፍትዌሩን እንደናንተ አላውቀውም። ሌቭል (የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ተሸክሜ ነው ያረጀሁት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፕሮፋይሉን ከሰንጠረዡ አስገባሁ ብለሻል። የሰንጠረዡ ረድፍ ርዕሱ ምን ይላል? እንዳለ ጻፊልኝ።

ጀማሪ_ዘአዳማ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:40

ጋሼ፣ በእንግሊዝኛው «ዲዛይን ኤሌቬሽን» ብቻ ነው የሚለው። ከሥሩ የቻይንኛ ጽሑፍ አለ፣ እሱን አላነበብኩትም። ፎቶውን አያይዤዋለሁ።

አስተርጓሚው | ማክሰኞ፣ ማታ 2:02

እኔ ሳይት ላይ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። «ሉጂየን» ነው የሚለው። ሉ መንገድ፣ ጂየን ትከሻ። ሾልደር ማለት ነው። የሐዲድ አናት ቢሆን ኖሮ «ጉዌዲንግ» ብለው ይጽፉት ነበር። እንግሊዝኛውን የተረጎመው ሰው ትከሻዋን በልቷታል።

ባለሌቭሉ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:20

ተገኘ።

ልጄ፣ ያ ቁጥር የሐዲድ ከፍታ አይደለም። የአፈሩ ዳር ከፍታ ነው፣ ባላስት የማይደርስበት፣ ሰው በእግሩ የሚሄድበት። ቻይናዎች ባላስት ባለው መስመር ፕሮፋይሉን በፎርሜሽኑ ሾልደር ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። ለአፈር ሥራ ሰው ይመቻል። ግሬደሩ የሚያውቀው እሱን ነው፣ ሐዲድ ገና አልመጣም።

አንቺ ደግሞ በዚያ ቁጥር ላይ ሐዲድ አስቀመጥሽበት። ሐዲዱ የአፈሩ ቦታ ላይ ሲቀመጥ አፈሩ የት ይሂድ? ወደ ታች ገባ። አሁን ከሐዲዱ ራስ ጀምሪና እስከ ሾልደሩ ያለውን ደርድሪልኝ።

ጀማሪ_ዘአዳማ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:47

ወይኔ!

ሐዲዱ ባለ50 ኪሎው ነው፣ ቁመቱ 152 ሚሊ ሜትር። ከሥሩ ላስቲኩ 10። ስሊፐሩ ሐዲዱ ከሚቀመጥበት ላይ 200። ባላስቱ 300። ፎርሜሽኑ ከመሃል እስከ ሾልደር 3.5 ሜትር በ4 ከመቶ ሲወርድ 140። ድምሩ 802 ሚሊ ሜትር።

80 ሳንቲ ሜትር! የ3 ሜትሩን ሙሌት 2.20 አድርጌዋለሁ ማለት ነው። በእጄ አሰላሁት። 7 ሜትር አናት፣ ሁለቱም ጎን 1 ለ 1.5። በ3 ሜትር የሙሌቱ ስፋት 34.5 ሜትር ካሬ ይሆናል። በ2.20 ደግሞ 22.7። የመሃሏ ጉብታ ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ካሬ ትጨምራለች። 35 እና 23.1። በ1000 ሜትር ሲባዛ ሰንጠረዡና የኔ ኮሪደር ቁልጭ ብለው ወጡ።

ሦስት ቀን ሙሉ ኮሪደሩን ስወቅስ ነበር።

ቡና_በሰርፌስ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:55

በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 11,850 ሜትር ኩብ። በ16 ኩቡ ሲኖ 740 ምልልስ። እህቴ፣ ይሄ ሳይት ላይ ቢሆን ሾፌሮቹ ቤት ሠርተውብሽ ነበር።

ባለሌቭሉ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

ሳቁ ሳቁ። በኔ ላይ ደርሷል። ወጣት ሳለሁ አንድ የመንገድ ሳይት ላይ ወረቀቱ «የተጠናቀቀ ከፍታ» ይል ነበር። እኛ የሰብግሬድ (ከአስፋልቱ ንብርብር ሥር ያለው አፈር) መስሎን ችካል ቸከልን። ቁጥሩ ግን የአስፋልቱ አናት ነበር። 45 ሳንቲ ሜትር ትርፍ አፈር በውኃ ተጠቅጥቆ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ ነበር። ሲቆረጥ ያየሁትን አልረሳም። የግሬደሩ ኦፕሬተር ወር ሙሉ ሰላም አላለኝም። ልክ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ሌቭል ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የምኑ?» ብዬ ነው። ስንት ነው የሚለው ኋላ ይደርሳል።

ሬል_ሰው | ማክሰኞ፣ ማታ 3:35

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። እኔ እኮ «አንድ ነገር ወደ ታች ተንሸራቷል» ብዬ ጽፌ ስለ ካንት ሌክቸር ሰጠሁ።

አሁን ማስተካከያው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አሴምብሊውን ማዞር ነው። መነሻ ነጥቡን ሾልደሩ ላይ አድርገሽ ሐዲዱን ወደ ላይ መገንባት። ሌላው ፕሮፋይሉን ማንሳት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በፕሮፋይል ሌይአውት ቱልስ ውስጥ መጀመሪያ ኮፒ ፕሮፋይል አድርጊና ዋናውን «ሾልደር» ብለሽ ሰይሚው፣ እንዳይነካ። ቅጂውን «የሐዲድ አናት» በዪውና ሬይዝ ሎወር ፒቪአይ በምትለዋ ትእዛዝ 0.802 አንሺው። ኮሪደሩን ከቅጂው ጋር አገናኚው። ካንቱም፣ በኋላ የሚመጣው መሻገሪያ ሐዲድም የሚንጠለጠሉት በሐዲዱ አናት ላይ ስለሆነ በዚያው መሥራት ይቀላል።

አንድ ጥንቃቄ። 0.802 ለዘላለም አይደለም። ፎርሜሽኑ ከ3.5 ወደ 3.9 የሚሰፋበት ቦታ ካለ 140ዋ 156 ትሆናለች። ሾልደሩ በሰንጠረዡ ልክ ይቆይ ካልሽ ሐዲዱ 1.6 ሳንቲ ሜትር መነሳት አለበት። ሐዲዱ ይቆይ ካልሽ ሾልደሩ ያን ያህል ይወርዳል። እኔ ሐዲዱን አልነካም። ሌላም አለ፦ ባላስቱ 300 የሚለው ቀስት መሃል ላይ ነው ወይስ በሐዲዱ ሥር? ከመሃል እስከ ሐዲዱ 75 ሳንቲ ሜትር ስላለ በ4 ከመቶ 3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ያመጣል። ሥዕሉን እዪ።

ጀማሪ_ዘአዳማ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:05

ሌሊቱን መብራት ሄዶ ነበር፣ አሁን ነው የጻፍኩት። ቀስቱ መሃል ላይ ነው። ጥያቄ ግን አለኝ። ሬል ሲንግል በአሴምብሊው መስመር ላይ የምትንጠለጠለው በሐዲዱ አናት ነው ወይስ በሌላ ነጥብ? እኔ በግምት ነው ያለፍኩት።

ሬል_ሰው | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30

አትገምቺ። ሰብአሴምብሊዋን በቀኝ ክሊክ ነክተሽ ሄልፕ በያት። ሥዕሏ ላይ መነሻ ነጥቡ ምልክት ተደርጎበታል። እሱም ካላረካሽ አንድ ሴክሽን በሴክሽን ኤዲተር ክፈቺና የሐዲዱን አናት ከፍታ ከፕሮፋይሉ ጋር አስተያዪ። ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ አዲስ ሰብአሴምብሊ ባመጣሁ ቁጥር ይህን አደርጋለሁ፣ ሰብአሴምብሊ ኮምፖዘር ላይ በእጄ የሠራኋትንም ቢሆን። በተለይ በእጄ የሠራኋትን።

የመንገድ_ልጅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:10

ለድርብ መስመርስ? የጅቡቲው መስመር ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ነው፣ ከአዳማ ወደ ሚኤሶ ነጠላ ይሆናል። ያን ሽግግር በአንድ አሴምብሊ መሥራት ይቻላል?

ሬል_ሰው | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:45

በአንድ አትሞክረው። ለእያንዳንዱ መስመር የራሱ አላይመንት፣ የራሱ ፕሮፋይል፣ የራሱ ቤዝላይን ስጠው። ኮሪደሩ አንድ ይሁን። ድርብ ሲሆን የፎርሜሽኑ ጉብታ በሁለቱ መስመሮች መሃል ነው የሚውለው። መስመሮቹ 4 ሜትር ቢራራቁ የእያንዳንዱ መሃል ከጉብታው 2 ሜትር ይርቃል፣ ማለትም ከሥሩ ያለው አፈር ከጉብታው 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ነጠላ ሲሆን ጉብታው መስመሩ መሃል ሥር ይገባል። የሽግግሩ ጣጣ ያ ጉብታ ከቦታው የሚሰደድበት ርዝመት ነው። እዚያ ላይ ፍሪኩዌንሲውን አጥብበው።

ባለሌቭሉ | ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ጉብታ ስትሉ ትዝ አለኝ። እኔ ያደግኩት እዚሁ ናዝሬት ነው (አዳማ በሉት)። የድሮው ባቡር፣ 1000 ሚሊ ሜትሩ፣ ልጅነታችን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1917 አዲስ አበባ የገባው መስመር ነው እንግዲህ። ለዚያ መስመር 11.8 አይሠራም፣ የሐዲዱ ራስ ርቀት ወደ 1070 ስለሆነ 8.4 ገደማ ነው። ኩርባው ላይ ሐዲዱ ሲጋደል እያየን ወደቀ አልወደቀ ብለን እንወራረድ ነበር። አልወደቀም።

ጀማሪ_ዘአዳማ | ረቡዕ፣ ማታ 2:15

ውጤት! በሴክሽን ኤዲተር አረጋግጬ፣ ፕሮፋይሉን 0.802 አነሳሁ። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር 34,700 ወጣ። ከሰንጠረዡ ጋር ያለው ልዩነት ከመቶ አንድ አይሞላም። የቀሩትም ሦስቱ ኪሎ ሜትሮች እንዲሁ ገጠሙ። ኩርባ ያለበት ላይ ካንቱን በሬል_ሰው መንገድ አስገባሁ።

ለአለቃዬ አሳየሁት። አየው፣ አየው፣ «ጥሩ ነው» አለና «የላይኛው አፈር የት አለ?» አለኝ። ለካ ሳር ያለበት 20 ሳንቲ ሜትር ተገፎ በሙሌት ይተካል። ሰንጠረዡ ለብቻው መስመር ላይ አስቀምጦታል፣ እኔ ከነመኖሩም አላየሁትም።

ኮሪደር_ሰባሪ | ረቡዕ፣ ማታ 2:30

የተፈጥሮ መሬቱን ሰርፌስ ኮፒ አድርጊና 0.20 ዝቅ አድርጊው። ኮሪደሩን ወደዚያ ታርጌት አድርጊ። በ3 ሜትር ሙሌት እግሩ 16 ሜትር ይሰፋል፣ ስለዚህ በኪሎ ሜትር ከ3,200 ሜትር ኩብ ትንሽ በለጥ ይላል። ጥቁር አፈር ያለበት ቦታ፣ ወደ ሞጆ ሲሄድ ለምሳሌ፣ 20 አይበቃም። ጥልቀቱን ከአፈር ምርመራው ሪፖርት ውሰጂ።

ቡና_በሰርፌስ | ረቡዕ፣ ማታ 2:41

ተጨማሪ 200 ሲኖ። ሾፌሮቹ አሁን ፎቅ ጀመሩ።

የመንገድ_ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 3:00

መሻገሪያ ሐዲዱን እንዴት ነው በኮሪደር የምትሠሩት? እኔም አንድ ልምምድ ልጀምር ነው።

ሬል_ሰው | ረቡዕ፣ ማታ 3:12

እሱን እዚህ አንጀምረውም፣ ሌላ ክር ክፈት። ፕሮፋይልህ የምኑ እንደሆነ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍ፣ አለዚያ ጋሼ አያሳልፉህም።

ባለሌቭሉ | ረቡዕ፣ ማታ 3:20

አላሳልፍም።